በሰውነት መከላከያ ሥርዓት መነሻ የተሠሩ አልጎሪዝሞች ለጣና የዓሣ ጀልባዎች መንገድ ይሆናሉ? ልምድ ያላችሁ እስቲ ኑ

ጣና_ዳር፦

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለማስተርስ ማሟያዬ የያዝኩት ርዕስ የዓሣ ጀልባዎች መንገድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት የሞተር ጀልባዎች በረዶ ጭነው ጎሕ ሳይቀድ ከባሕር ዳር ይነሣሉ። ከዘጌ እስከ ቁንዝላ፣ ከደቅ ደሴት እስከ ምሥራቁ ዳር ባሉ 22 መቆሚያዎች እየዞሩ ዓሣ ይሰበስባሉ። አስጋሪዎቹ መረብ ማታ ጥለው ጠዋት ነው የሚያነሡት። ስለዚህ ጀልባው ቀድሞ ቢደርስ ዓሣው የለም፤ ቢዘገይ ፀሐይ ያገኘዋል። በረዶውም ልክ አለው። የትኛው ጀልባ የትኛውን መቆሚያ ይያዝ? በምን ቅደም ተከተል ይሂድ? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ጀነቲክ አልጎሪዝም (መፍትሔዎችን እያዳቀለና እየለዋወጠ የተሻለውን የሚፈልግ ዘዴ) ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይሄዳል። ትንሽ ሲቆይ ግን የያዛቸው መፍትሔዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆኑና እዚያው ይቆማል። አማካሪዬ በኢሚዩን ሲስተም (በሰውነት መከላከያ ሥርዓት) መነሻ የተሠሩትን እንዳይ መከሩኝ። ሳነብ ክሎናልግ፣ አይኔት፣ ኔጌቲቭ ሴሌክሽን የሚሉ ስሞች መጡ። ለኔ ችግር የሚሆነው የትኛው ነው? ከጀነቲክ አልጎሪዝምስ በምን ይለያሉ?

መምህር_ሒሳብ፦

ልጄ፣ አልጎሪዝም ከመምረጥህ በፊት የችግርህን መጠን ለካ። አንድ ጀልባና 10 መቆሚያ ቢሆን ቅደም ተከተሎቹ 3,628,800 ብቻ ናቸው። ኮምፒውተር አንድ በአንድ አይቶ ይጨርሳቸዋል። 15 ሲሆን ከ1.3 ትሪሊዮን ይበልጣሉ። ያኔም ቢሆን መውጫ አለ። ሄልድና ካርፕ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡት ዘዴ ትርፉን ስሌት ይቀንሰዋል። ለ22 መቆሚያ እንኳ ወደ 2 ቢሊዮን ስሌት ቢሆን ነው፤ ይህን የዛሬ ላፕቶፕ ይችለዋል።

ያንተ ችግር የሚከብደው ጀልባው ሁለት በመሆኑ፣ የሰዓት ገደብና የበረዶ ልክ ስላለበት ነው። እዚያ ላይ ፍጹሙን ትቶ ጥሩውን መፈለግ ተገቢ ነው። ግን አንድ ነገር አድርግ። ችግርህን ወደ 8 ወይም 10 መቆሚያ አሳንሰህ ፍጹሙን መልስ አስቀድመህ አግኝ። ከዚያ የምትሠራው አልጎሪዝም ያንን መልስ ማግኘት አለማግኘቱን ታያለህ። ትንሹን ያልፈታ ትልቁን ፈታ ቢልህ አትመነው።

ኮድ_በቡና፦

ጋሼ ያሉት ተይዞ፣ ስሞቹን ልለያቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኔጌቲቭ ሴሌክሽን እንግዳ ነገር መለያ ነው። ፎረስት፣ ፔረልሰንና ባልደረቦቻቸው በ1994 ያወጡት ነው። የታሰበውም በኮምፒውተር ውስጥ የተነካካን ፋይል ካልተነካካው ለመለየት ነበር። ለመንገድ ፍለጋ አይሆንህም፤ ተወው።

ክሎናልግ ግን በቀጥታ ያንተ ነው። የሠሩት ብራዚል ያሉት ደ ካስትሮና ፎን ዙበን ናቸው። በሰፊው የሚጠቀሰው በ2002 የታተመው ጽሑፋቸው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱን የመንገድ ዕቅድ እንደ አንድ አንቲቦዲ (ሰውነት ጀርም ለመያዝ እንደሚሠራው መከላከያ) ቁጠረው። ለሁሉም ነጥብ ትሰጣለህ። ጥሩዎቹን መርጠህ ታባዛቸዋለህ። ቅጂዎቹን ትለዋውጣለህ። የተሻለ የወጣው ይቀራል። ከመጨረሻዎቹ ጥቂቱን ጥለህ በዘፈቀደ በተሠሩ አዲስ ዕቅዶች ትተካለህ። ከዚያ እንደገና።

ከጀነቲኩ የሚለይበት አንዱ ነገር ማዳቀል አለመኖሩ ነው። ሁለት መንገድ አጋብቶ ልጅ ማውጣት የለም። ለመንገድ ችግር ይህ እፎይታ ነው። ሁለት መንገድ ስታዳቅል አንዱ መቆሚያ ሁለቴ ይመጣል፣ ሌላው ይረሳል፤ እሱን መጠገን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ዋናው ነገር ግን የለውጡ መጠን ነው። ጥሩ ነጥብ ያለው ዕቅድ ትንሽ ይነካል፤ መጥፎው በኃይል ይገለባበጣል። ዓሣ ያገኘ አስጋሪ መረቡን እዚያው አካባቢ መልሶ ይጥላል፤ ባዶ ያወጣ ግን ታንኳውን ቀዝፎ ራቅ ይላል። ቀመሩም ይህንኑ ነው የሚለው። ነጥቡን ከ0 እስከ 1 አድርገው። በአንድ ቁጥር፣ በ5 እንበል፣ አባዛው። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርገህ ኤክስፖኔንሻሉን (2.718 በዚያ ቁጥር ኃይል ሲነሣ) ውሰድ። ነጥቡ 1 የሆነው 0.0067 ይደርሰዋል። 0.5 የሆነው 0.082፣ ነጥቡ 0 የሆነው ደግሞ 1። በ22 ስታባዛው ምርጡ አንድ መቆሚያ እንኳ አይደርሰውም፤ ስለዚህ "ቢያንስ አንድ" ብለህ ወስንለት። መካከለኛው ወደ ሁለት መቆሚያ ይቀያይራል። የመጨረሻው ሙሉ በሙሉ ይበወዛል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚስተው ልምጣ። የቅጂው ብዛት በደረጃ ሊሆን ይችላል። 100 ዕቅድ ካለህ አንደኛው 100 ቅጂ፣ ሁለተኛው 50፣ ሦስተኛው 33፣ አራተኛው 25 ያገኛል። ይህ አንድ ጫፍ ላይ፣ ማለትም በዙሪያው ካሉት ሁሉ የሚሻል ዕቅድ ላይ፣ ቶሎ ያደርስሃል። ብዙ ጫፍ ላለው ችግር ግን ደራሲዎቹ ራሳቸው ሌላ መንገድ ነው የተከተሉት። ሁሉም ዕቅድ እኩል ቅጂ ያገኛል፤ ቅጂው የሚወዳደረውም ከራሱ ወላጅ ጋር ብቻ ነው። የጎረቤቱን ቦታ አይቀማም። "ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብኝ" ላልከው ፍቱኑ መልስ ይሄ ነው።

ላብ_ሲስተር፦

ኮድ ላይ እጄ የለበትም፤ የምሠራው ላብራቶሪ ነው። ግን ነገሩ ከሰውነት የተወሰደ ከሆነ የሰውነቱን ጎን እኔ ልንገራችሁ።

አንቲቦዲ የሚያመርቱት ነጭ የደም ሴሎች፣ ቢ ሴሎች የሚባሉት፣ የሚሠሩት በአጥንት መቅኔ ነው። እያንዳንዱ ሴል ከላዩ አንድ ዓይነት የጀርም መያዣ ብቻ ነው ያለው። ያ መያዣ የሚሠራው የጂን ቁርጥራጮች በዘፈቀደ ተገጣጥመው ነው። ቶኔጋዋ በ1987 ኖቤል ያገኘው ይህን በማሳየቱ ነው። ስለዚህ በሽታው ሳይመጣ በፊት ሰውነታችን ስፍር ቁጥር የሌለው የተለያየ መያዣ አለው። አውስትራሊያዊው በርኔት በ1957 ያለው እንግዲህ ይህን ነው፦ ጀርሙ ሰውነትን አያስተምርም፤ ካሉት ውስጥ የሚገጥመውን ይመርጣል። የተመረጠው ይባዛል። ክሎናል ሴሌክሽን ማለት ይኸው ነው።

ከተባዛ በኋላ በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ሌላ ሥራ ይጀመራል። የአንቲቦዲው ጂን ከመደበኛው ሚሊዮን ጊዜ ገደማ በፈጠነ መጠን ይለዋወጣል። አብዛኛው ለውጥ ምንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ያበላሻል፤ የተበላሸው ሴል ይሞታል። ጠበቅ አድርጎ የያዘው ግን ከረዳት ቲ ሴሎች እርዳታ አግኝቶ እንደገና ይከፋፈላል። ዙሩ ይደጋገማል። በክትባት ሁለተኛና ሦስተኛ ዶዝ የሚሰጠው አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው፤ አንቲቦዲው በየዙሩ እየተሻለ ይመጣል።

@ኮድ_በቡና የጻፍከው ቀመር ቆንጆ ነው። ግን ሰውነት ውስጥ ለሴሉ ነጥቡን አስልቶ "አንተ ትንሽ ተለወጥ" የሚለው የለም። ለውጡ በጭፍን ይመጣል፤ ሥራውን የሚሠራው ምርጫው ነው። ቀመሩ የእናንተ የኮምፒውተር ሰዎች ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም እንድታስቡበት እፈልጋለሁ። መከላከያችን አንድ ምርጥ አንቲቦዲ ፈልጎ የሚያርፍ አይደለም። ነገ ምን እንደሚመጣ ስለማይታወቅ የተለያየ ነው የሚያስቀምጠው። ለጀልባውም የሚበጀው ይሄ ይመስለኛል።

የዘጌ_ጀልባ፦

እኔ ጀልባ ላይ ነኝ የምውለው። ስለ አልጎሪዝሙ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ ውኃው ግን ልናገር።

ካርታ ላይ ቀጥታ መስመር አስምረህ ርቀት ለካሁ ብትል አትደርስም። ጠዋት ሐይቁ ዘይት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ያው መንገድ ሌላ መንገድ ይሆናል። ማዕበሉን ይዘህ ስትሄድና ማዕበሉን ገጥመህ ስትመለስ ሰዓቱም ነዳጁም እኩል አይደለም። ስለዚህ ከዘጌ ደቅና ከደቅ ዘጌ በሠንጠረዥህ ላይ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይኑራቸው። የጠዋቱና የከሰዓቱም ለየብቻ።

እምቦጩን ደግሞ አትርሳው። የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቁ በኩል ነው፤ ግን ተንሳፋፊ ነው፣ ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል። ትናንት የቆምክበትን ዳር ዛሬ ተዘግቶ ታገኘዋለህ። ሞተሩን ካነቀው ቆመህ በእጅህ መንቀል ነው። በዚያ ቀን አንድ ጥሩ መንገድ ብቻ ይዘህ ከወጣህ ምን ልትሆን ነው?

ዓሣውም እንደየዘሩ ነው። አምባዛ አየር ስለሚስብ ከውኃ ወጥቶም ይቆያል። ቆረሶ ግን ወዲያው በረዶ ይፈልጋል። ብዙ ቆረሶ ያለበትን መቆሚያ መጨረሻ ላይ አድርገው፤ አንሥተኸው ቶሎ ትገባለህ። በሁዳዴ ፈላጊው ስለሚበዛ ጭነቱም ይለወጣል። በክረምት ደግሞ ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ስለሚሄድ የሚገኝበት ቦታ ራሱ ሌላ ነው።

ጣና_ዳር፦

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን የሚነግረኝ ሰው ነበር የምፈልገው። እንግዲያው አንድ ምርጥ መንገድ ብቻ ማውጣት አይበቃም ማለት ነው። እርስ በርስ በእውነት የሚለያዩ ጥሩ ዕቅዶች በእጄ መኖር አለባቸው። አንዱ ሲዘጋ ሌላው እንዲነሣ። @ኮድ_በቡና እኩል ቅጂ መስጠቱ ብቻ ይህን ያመጣል?

ኮድ_በቡና፦

ብቻውን አያመጣም። ሁለት ዕቅድ ከተለያየ ቦታ ተነሥተው አንድ ጫፍ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ለዚህ ነው አይኔት የመጣው። ለኦፕቲማይዜሽን የሚሆነውን ዓይነት፣ ኦፕት-አይኔት የሚባለውን፣ ደ ካስትሮና ቲሚስ በ2002 አወጡት። መነሻው የሰውነት መከላከያን ያጠና የነበረው የየርነ ሐሳብ ነው። የርነ በ1974 አንቲቦዲዎች እርስ በርሳቸውም ይተዋወቃሉ፣ አንዱ ሌላውን ያፍናል ብሎ ነበር።

አሠራሩ ይኸውና። እንደ ክሎናልግ አባዝተህ ትለዋውጣለህ። አማካይ ነጥቡ መሻሻል ሲያቆም ቆም ትላለህ። ዕቅዶቹን ሁለት ሁለት እያደረግህ ታነጻጽራለህ። በጣም የተቀራረቡ ከሆኑ ደካማው ይወጣል። ከዚያ ጥቂት አዲስ ዕቅዶች በዘፈቀደ ታስገባለህ። የዕቅዱ ብዛት ቋሚ አይደለም፤ ችግሩ ስንት ጫፍ እንዳለው አይቶ ይሰፋል፣ ይጠባል።

አሁን ጥያቄው የሁለት መንገድ ቅርበት እንዴት ይለካል ነው። እኔ የምጠቀመው የጋራ ጉዞን መቁጠር ነው። 22 መቆሚያና ሁለት ጀልባ ካለህ፣ መነሻና መመለሻውን ጨምሮ በጠቅላላው 24 ጉዞ አለ። ሁለት ዕቅዶች 20 ጉዞ የሚጋሩ ከሆነ ልዩነታቸው 4 ነው። ገደቡን 6 ካደረግኸው ደካማው ይወጣል። የዘጌው ወንድማችን እንዳለው አቅጣጫውም ይቆጠር፤ ከዘጌ ደቅና ከደቅ ዘጌ ሁለት ጉዞ ናቸው።

ገደቡ ላይ ተጠንቀቅ። ከፍ ካደረግኸው ጥሩዎቹም ይጠረጋሉ። ዝቅ ካደረግኸው አንድ መንገድ በትንሽ በትንሹ ተለዋውጦ ሠፈሩን ይሞላዋል። ለዚህ ከመጽሐፍ የሚገኝ ቁጥር የለም። ባንተ ዳታ ላይ ነው የሚገኘው።

ፖሊ_ማታ፦

ይቅርታ፣ ለኔ ግን አልተዋጠልኝም። ጉንዳን መጣ፣ ንብ መጣ፣ ተኩላ መጣ፣ ዓሣ ነባሪ መጣ። አሁን ደግሞ ነጭ የደም ሴል። ስሙን አውጡትና የቀረውን እዩት። ክሎናልግ ከብዙ ቦታ ተነሥቶ አካባቢን በዘፈቀደ መፈተሽ ነው። የተመሳሰሉትን ማፈንም ቢሆን በጀነቲክ አልጎሪዝም ውስጥ ዘመድ አለው። ጎልድበርግና ሪቻርድሰን ተቀራራቢ መፍትሔዎች ነጥባቸውን እንዲካፈሉ ያደረጉት በ1987 ነው። ዎልፐርትና ማክሬዲ ደግሞ በ1997 አሳይተዋል፤ በሁሉም ችግሮች ላይ አማካይ ሲወሰድ ከሌላው የሚበልጥ አልጎሪዝም የለም። እና ለምን በባዮሎጂ ስም እንደክማለን?

አሳሳቢው የንጽጽሩ ነገር ነው። አዲሱን አልጎሪዝም አጥብቀው ያስተካክሉታል፤ ተወዳዳሪውን እንዳለ ይተዉታል። ከዚያ "አሸነፈ" ይባላል። የሌላ ሰው ዲግሪ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር፤ ልጁ ግን ከልቡ ነው የያዘው።

ኮድ_በቡና፦

ንጽጽሩ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሐሳቡን መጣል ላይ ግን አልስማማም። ሲስተር የነገረችንን ተመልከት። "አንድ ምርጥ ፈልጎ አያርፍም" ያለችው ከባዮሎጂ ነው የመጣው፤ ለጀልባው ችግር የሚያስፈልገው ጠባይም እሱ ነው። ስሙ መፍትሔ አይሆንም። የትኛውን ዘዴ ልሞክር የሚለውን ግን ይጠቁማል። የጀነቲኩ የነጥብ መጋራትም ከውድድሩ ውስጥ ይግባ፤ ማን ይፈራል?

ፖሊ_ማታ፦

ከገባ ጥሩ። እንግዲያው @ጣና_ዳር ውድድሩን እንዲህ አድርገው። ለሁሉም እኩል የነጥብ ስሌት ፍቀድላቸው፤ 200,000 ከሆነ ለሁሉም 200,000። በዙር ብዛት አታወዳድር፤ ክሎናልግ በአንድ ዙር ብዙ ቅጂ ስለሚያሰላ ዙር መቁጠር ያሳስታል። ቢያንስ 30 ጊዜ በተለያየ የዘፈቀደ መነሻ አስኪዳቸው። ምርጡን ብቻ አትጻፍ፤ መካከለኛውንና ስርጭቱን አሳይ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ በጣም ተራው ይሁን፦ በዘፈቀደ መጀመር፣ አካባቢን ማሻሻል፣ ሲቆም እንደገና መጀመር። ብዙ ጊዜ የሚያሳፍረን እሱ ነው።

ደግሞ ቱ-ኦፕት የሚባለውን ማሻሻያ ስታስገባ ተጠንቀቅ። በመካከል ያለውን የመንገድ ክፍል ይገለብጠዋል። መሄጃና መመለሻ እኩል ከሆኑ ችግር የለም። እዚህ ግን ነፋስ አለ። ሲገለበጥ በውስጡ ያለው ጉዞ ሁሉ ዋጋው ይቀየራል፤ የተለመደው አቋራጭ ስሌት ይሰብርሃል። አንድ ወይም ሁለት መቆሚያ ነቅሎ ሌላ ቦታ መሰካት ይሻልሃል። ክፍሉን ስለማይገለብጥ የቀሩት ጉዞዎች አቅጣጫቸውን አይለውጡም። የመድረሻ ሰዓታቸው ግን ሊገፋ ስለሚችል ከተሰካበት ጀምሮ ያለውን መልሰህ አስላ።

የሰባታሚት_ልጅ፦

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ብልስ? ኔጌቲቭ ሴሌክሽን ተወው ተባለ። ለጀልባው ሞተር ግን አይሆንም? የሙቀትና የንዝረት መለኪያ ቢገጠምና ያልተለመደ ነገር ሲመጣ ቢያስጠነቅቅ ማለቴ ነው።

ላብ_ሲስተር፦

የኔ እህት፣ የሰውነቱን ልንገርሽ። ቲ ሴሎች ታይመስ በሚባለው ዕጢ ውስጥ ይፈተናሉ። የራስን አካል የሚያጠቃ ይገደላል። ምንም የማይጠቅመውም ይሞታል። ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት ከዚያ አይወጡም። የቀሩት ናቸው ጠባቂ የሚሆኑት።

ኮድ_በቡና፦

ኮዱም እንደዚያው ነው። ጤነኛ ሞተር የሚሰጠውን ቁጥር ትሰበስቢያለሽ። በዘፈቀደ ጠባቂዎች ትሠሪያለሽ። ከጤነኛው ጋር የሚገጥመውን ትጥያለሽ። የቀረው ሲነቃ ሞተሩ ታሟል ማለት ነው። የተበላሸ ሞተር ምሳሌ አያስፈልግሽም፤ ጥሩ ጎኑ ይሄ ነው። ሁለትና ሦስት መለኪያ ሲሆን ይሠራል። መለኪያው ሲበዛ ግን ባዶውን ቦታ ለመሸፈን የሚያስፈልገው የጠባቂ ብዛት ከልክ ያልፋል። ከፈለግሽ ለብቻው ክር ክፈቺለት፤ እመጣለሁ።

ላብ_ሲስተር፦

ወደ መንገዱ ልመለስና አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አካባቢ ወባን ሁላችንም እናውቃታለን። ሰው አንዴ ታሞ ቢድንም ዳግም የምትይዘው ለምንድን ነው? የፋልሲፓረም ጥገኛ ተውሳክ ቫር የሚባሉ 60 ገደማ ጂኖች አሉት። በተራ በተራ እያወጣ የቀይ የደም ሴሉን ገጽ ይቀያይራል። ሰውነት አንዱን ሲያውቅ ሌላውን ያመጣል። ስለዚህ መከላከሉ የሚገነባው ደጋግሞ በመጋለጥ፣ ቀስ በቀስ ነው። ያለፈውን የሚያስታውሱ ሴሎች ስላሉም ያው መልክ ሲመለስ ምላሹ ይፈጥናል።

የናንተም ዒላማ የሚንቀሳቀስ ነው። ሁዳዴ ይመጣል፣ ክረምት ይመጣል፣ እምቦጭ ይዞራል። ያለፈው ሁዳዴ ጥሩ ዕቅዶች ለምን ይጣላሉ? ተቀምጠው ወቅቱ ሲመለስ መነሻ ይሁኑ።

ኮድ_በቡና፦

ይህ በጣም ጥሩ ነው። በየወቅቱ መጨረሻ የቀሩትን ዕቅዶች ፋይል ላይ ጻፋቸው። ሲመለስ ግማሹን ከዚያ፣ ግማሹን በዘፈቀደ አድርገህ ጀምር። ሁሉንም ከድሮው ከወሰድክ ግን አዲስ የተዘጋ ዳር ሲኖር ትያዛለህ።

ጣና_ዳር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ ላደርግ ነው። ትንሹን ችግር ጋሼ እንዳሉት በፍጹም መንገድ እፈታለሁ። ከዚያ ኦፕት-አይኔትን፣ ነጥብ የሚያጋራውን ጀነቲክ አልጎሪዝምና ተራውን ፍለጋ በእኩል ስሌት አወዳድራለሁ። የምለካውም የምርጡን ነጥብ ብቻ አይደለም። አንድ መቆሚያ በድንገት ሲዘጋ በእጅ ካሉት ዕቅዶች ውስጥ የሚሻለው ምን ያህል ይጎዳል የሚለውንም እለካለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የዘገየ ጀልባ ላይ ቅጣት ስጨምር ነጥቦቹ ይበላሹብኛል። አንድ በጣም የዘገየ ዕቅድ ካለ የቀሩት ሁሉ ወደ 1 ይጠጋሉ፤ ለውጡም ለሁሉም ትንሽ ይሆናል።

መምህር_ሒሳብ፦

ነጥቡን ትተህ ደረጃውን ተጠቀም። 41 ዕቅድ ካለህ አንደኛው 1 ይያዝ፣ የመጨረሻው 0 ይያዝ፣ በመካከል ያሉት በ0.025 እየቀነሱ ይውረዱ። አንድ ክፉ ዕቅድ ሌሎቹን አያጨናንቅም። ሁሉም ነጥባቸው እኩል ሲሆን በዜሮ ማካፈል ከሚመጣው ስሕተትም ትድናለህ። የሰዓት ገደቡን ያከበረ ዕቅድ ካላከበረው ሁልጊዜ ይቅደም፤ ሁለቱም ካላከበሩ የዘገየበት ደቂቃ ያነሰው ይቅደም። ያኔ የቅጣት ቁጥር መምረጥም አያስፈልግህም።

ጣና_ዳር፦

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ በደረጃ አደርገዋለሁ። @የዘጌ_ጀልባ የጉዞ ሰዓት ሠንጠረዡን ባዶውን ሠርቼ በውስጥ ብልክልህ የጠዋቱንና የከሰዓቱን ትሞላልኛለህ?

የዘጌ_ጀልባ፦

ላክ፣ እሞላልሃለሁ። ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሆነ ግን ከላይ ጻፍበት። 15ና 40 አንድ ዓይነት ሰዓት የላቸውም። ባዶ ጀልባና የተጫነ ጀልባም ለየብቻ ዓምድ ይኑራቸው።